በከፋይ ላይ የቀረ ፀጉር

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ባለፈው ደብዳቤሽ ሊፍቱ በሳምንት ሦስት ቀን እንደሚበላሽና አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግርሽ እንደምትወጪ ጽፈሽልኝ ነበር። ተሠራ ወይስ አሁንም ግድግዳውን እየተደገፍሽ ነው የምትወጪው? ከሕንፃው ሥር ያለው መናፈሻ አሁንም ክፍት ነው? ቤቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ነው ያልሽውስ፣ ምንጣፉ አሁንም አለ? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ለወጉ ያህል አይደለም። ለእያንዳንዱ መልስ እፈልጋለሁ፤ ስትጽፊ አንዱንም እንዳትዘዪብኝ።

እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ስልሽ ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው። አንቺ ጋሼ የምትዪው ባለቤቴ ወገቡን እንደያዘው ነው። ወገቡን የማያመው ሶፋ ሠሪ ካያችሁ ሥራውን የሚሠራለት ሌላ ሰው ነው ይላል፤ ይህን ቀልድ ለሃያኛ ጊዜ ስሰማው እንኳ መሳቅ ይጠበቅብኛል። የኔ ዓይን ደክሟል። መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ ልጄ ትልቋ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት፣ ቁመቷ ከኔ እኩል ሆኗል። አሁን የያዝነው ሥራ የአንድ ስብሰባ አዳራሽ ወንበሮች ናቸው። መቶ ሃያ ወንበር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ግራጫ። ልብሳቸውን ስሰፋ እውልና ማታ ዓይኔን ስከድን ግራጫው እዚያም ይጠብቀኛል። ደክሞኛል እህቴ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ፣ ደክሞኛል ነው።

መልስ ሳልጽፍልሽ አራት ወር አለፈ። ደብዳቤሽ አልደረሰኝም ብዬ ልዋሽሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ቀድጄዋለሁ። ደርሶኛል። በስልክ ያልነገርሽኝ ለምን እንደሆነም ገብቶኛል፤ በስልክ ስንጀምረው ወይ አንቺ ትጮሂያለሽ ወይ እኔ እዘጋዋለሁ። አሁን ቋሚ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ቤት ተከራይቻለሁ፣ ለሱ የምትሆን አንዲት ክፍል በመስኮት በኩል አዘጋጅቻለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጄን ልወስደው እፈልጋለሁ ብለሽ ጽፈሻል። በጨዋ ቃል ነው የጻፍሽው፤ አላስቀየምሽኝም። እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ እንደ ሰው አነበብኩት። መጨረሻ ላይ ግን እህትሽ ብለሽ አልፈረምሽም። «እናቱ» ብለሽ ነው የፈረምሽው። እሷን ቃል ሳይ ደሜ ፈላ።

እናቱ መሆንሽን የካደ የለም። ልጁም ያውቀዋል፤ ስድስት ዓመት ሲሞላው እኔው ራሴ አስቀምጬ ነግሬዋለሁ። አንቺን «የስልኳ እናቴ» ይልሻል፣ እኔን «እማ» ይለኛል፣ ነገሩም እንደዚያ ተመቻችቶ ይኖር ነበር። ግን እህቴ፣ በአሥራ አንድ ወሩ አምጥተሽ እቅፌ ላይ ስታስቀምጪው ያልሽኝን አስታውሺ። «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ነው ያልሽው። የለበሰውና አንድ ቅያሪ ብቻ ነበረው፤ ለሁለት ሳምንት ይበቃዋል ብለሽ። ስምንት ዓመት ሆነው። ችግር እንደነበረብሽ አውቃለሁ፤ ያንን አልነሳሽም። ብቻ ኩፍኝ ሲያመው አጠገቡ ያደርኩት እኔ፣ ጥርሱ ሲነቀል ደሙን የጠረግኩት እኔ፣ ወላጅ ይጥራ ሲባል ሽርጤን አውልቄ የሄድኩት እኔ ሆኜ ሳለ፣ በአንድ መስመር አክስት ሆንኩ። ይኼን በሆዴ ይዤ አራት ወር ወንበር ሰፋሁ።

ደብዳቤሽን ለባለቤቴ አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና «መልስ ጻፊላት» አለኝ። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ «ጻፍሽላት?» ይለኛል፣ እኔም «እጽፋለሁ» እለዋለሁ። ልጆቹ እንዳያዩት ደግሞ የናሙና ጥራዙ ውስጥ ሸጎጥኩት። ታስታውሺው እንደሆነ ደንበኛ ጨርቅ የሚመርጥበት፣ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ትልቅ ጥራዝ አለን። እዚያ ውስጥ የከፋዩን፣ የዚያን ለስላሳ ባለጠጉር ጨርቅ፣ ገጽ የሚገልጥ ሰው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ ከፋይ ሶፋ የሚያሠራ ደንበኛ የለም። ከዚያ የተሻለ መደበቂያ በቤቴ ውስጥ የለም ብዬ ተማመንኩ።

አሁን ወደ ውሻው ልምጣ። የውሻ ነገር ምን አመጣው እንዳትዪ፣ ደብዳቤው ሁሉ ስለሱ ነው።

ልጆቹ ውሻ ይገዛልን ማለት ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ከወለል ላይ ክርና ስፖንጅ ስጠርግ ውዬ ደግሞ ፀጉር አልጠርግም ብዬ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሳምንቱ ግን እራት ላይ ተቀምጠን ሳለ «እስቲ ውሻ እንግዛ» አልኩ። ሦስቱም ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ባለቤቴ «አሞሻል?» አለኝ።

አላመመኝም። ወይም አሞኛል፣ ምኑን አውቄ። እውነቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ልንገርሽ። ውሻ ያለው ልጅ ከቤት አይነቀልም ብዬ ነው። ትምህርት ሲዘጋ አንቺ መጥተሽ እጁን ስትይዢው ሌላኛው እጁ ውሻ አንገት ላይ ይሆናል፣ አልሄድም ይላል፣ እኔም ምንም ሳልናገር እሱ ይናገርልኛል ብዬ አሰላሁ። ለደብዳቤሽ መልስ ቡችላ ልልክልሽ ነበር ያሰብኩት። ክፉ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ስሠራው ግን ክፉ አልመሰለኝም፤ ፍርሃት ነበር። ፈርቼ ነበር እህቴ።

ከዚያ በኋላ የመጣብኝን ጣጣ አትጠይቂኝ። የትልቋ የሳይንስ መምህር፣ ልጆች ላሉበት ቤት ከሁለቱ አንዱን ያዙ፣ ወይ ላብራዶር ወይ ጎልደን ሪትሪቨር፣ ብሎ ነገራትና ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ለኔ ሁለቱ አንድ ናቸው። ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም ጆሯቸው የተንጠለጠለ፣ ሁለቱም ሲያድጉ ሠላሳ ኪሎ የሚገቡ፣ ሁለቱም ልጅ ቢጎትታቸው የማይቆጡ። ትልቋ ግን ከስፖንጅ ማሸጊያ ካርቶን ቀድዳ ሠንጠረዥ ሠራችና ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ላብራዶር ፀጉሩ አጭር ነው፣ ሩጫ አይጠግብም፣ ይጫወታል። ጎልደን ፀጉሩ ረጅም ነው፣ ረጋ ይላል፣ ግን በየቀኑ ካልተበጠረ ይቋጠራል። እሷ ለላብራዶር ጠበቃ ቆመች። ባለቤቴም ከሷ ጋር ወገነ። ወርክሾፑ ታውቂዋለሽ፣ ከቤቱ የሚለየው አንድ በር ነው፣ ወለሉም ቀኑን ሙሉ የጥጥ ብናኝና የክር ጭራ ነው። «ጎልደን እዚህ አንድ ቀን ከዋለ ማታ ግማሹ ውሻ ግማሹ ፍራሽ ሆኖ ነው የሚገባው» አለ። እኔ ደግሞ ላብራዶር ያገኘውን ሁሉ ይበላል ሲባል ሰምቼ ስለነበር «ስፖንጃችሁን ሲጨርስላችሁ ያኔ ትነግሩኛላችሁ» አልኳቸው። ይኼኔ ትንሹ፣ እስከዚያ ሰዓት ድምፁ ያልተሰማው ልጅ፣ «ስፖንጅ ከበላ በኋላ ውሃ ቢጠጣስ?» ብሎ ጠየቀ። በሣቅ ሞትን። በዚያ ወር ውስጥ የሳቅኩት ያንን ቀን ብቻ ነው።

እሱ ወገን አልያዘም። ታውቂዋለሽ ልልሽ ነበር፤ አታውቂውም። ብዙ አይናገርም። ከሁለት ነገር አንዱን ምረጥ ሲባል ጭንቅ ይይዘዋል፤ ያልተመረጠው የሚከፋው ይመስለዋል። ጫማ ልንገዛለት ሄደን የተወውን ጥንድ በራሱ እጅ አቧራውን ጠርጎ ካርቶኑ ውስጥ ካልመለሰው ከሱቁ አይወጣም። ባለሱቁ በሣቅ ይፈርሳል፣ እኔ አፍራለሁ፣ እሱ ግን ደንታም የለው። ስለዚህ ከላብራዶርና ከጎልደን ሲሉት «ሁለቱም ደስ ይላሉ» አለ።

ሁለት ሳምንት ከተከራከርን በኋላ ባለቤቴ የሰው ወሬ በቃኝ አለ። ሰው ይዋሻል፣ ጨርቅ አይዋሽም አለ። ከየዓይነቱ ጨርቅ ናሙና ይዘን ሁለቱንም ውሻ የሚያረቡ ሴትዮ ቤት እንሄዳለን፣ በሁለቱም ውሻ ጀርባ ላይ እናሸዋለን፣ የትኛው ፀጉር ተነስቶ የትኛው እንደሚቀር በዓይናችን እናያለን። አትሳቂ፤ አልጋ ሲገዛም ፍራሹን ቀዶ ካላየ አላምንም ያለ ሰው ነው። ከዚያ ትንሹን ጠራና «ከጥራዙ ከየገጹ አንድ አንድ ቁራጭ ቁረጥልኝ፤ ከፋዩን እንዳትረሳ፣ ፀጉር የሚፈተነው በከፋይ ነው» አለው። ያን ጊዜ ከአዳራሹ ሰዎች ጋር በር ላይ ቆሜ ስለ ወንበሮቹ ስጨቃጨቅ ነበር። አልሰማሁም። ብሰማ ኖሮ ሮጬ እደርስ ነበር።

ማታ እራት ላይ ዝም ብሎ ነበር። ግን ሁልጊዜም ዝም ስለሚል ምኑንም አላየሁበትም።

በማግሥቱ ቅዳሜ አራታችንም ሄድን። አርቢዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲቀበሉ ኖረው አሁን ቡችላ ይቀበላሉ፤ ቡችላ ይሻላል፣ ዘመድ ይዞ አይመጣም አሉን። በአንደኛው ክፍል ላብራዶሯ ከነልጆቿ፣ በሌላኛው ጎልደኗ ከነልጆቿ ተኝተዋል። ባለቤቴ ተንበረከከና ናሙናዎቹን ጉልበቱ ላይ ደረደረ። የእናትየዋን ጀርባ በአንዱ ጨርቅ ያሻል፣ ብርሃን ላይ ያያል፣ ያራግፋል፣ እንደገና ያያል። ሴትዮዋ እጃቸውን አጣጥፈው ይመለከቱታል። እንዲህ ያለ ገዢ አይተው እንደማያውቁ ነገሩን፤ ሰው የሚመጣው የቡችሎቹን ዓይን አይቶ ለመምረጥ ነው አሉ። እሱ ቀና ሳይል «ዓይን ሶፋ ላይ አይቀርም እናቴ» አላቸው።

በከፋዩ ላይ ሲያሸው የላብራዶሯ አጭር ፀጉር እንደ መርፌ ተሰክቶ ቀረ፤ በጥፍሩ ቢፍቀውም እምቢ አለው። የጎልደኗ ረጅሙ ከላይ ተኝቶ ነበርና እፍ ሲለው በረረ። «ግን እኛ ቤት ከፋይ የለም» አለ፤ «እኛ ቤት ያለው ሲሚንቶና ብናኝ ነው። ብናኝ ደግሞ ረጅም ፀጉር ይወዳል። ለኛ ላብራዶሩ ነው።» ትልቋ በደስታ አንዱን ወንድ ቡችላ አቀፈችው። ነገሩ አለቀ። እኔም ቦርሳዬን አነሳሁ።

ይኼኔ ትንሹ ከሱሪ ኪሱ አንድ ሌላ ቁራጭ አወጣ። ከመኪና ወለል ሥራ የተረፈ ወፍራም ምንጣፍ ነው። «አባ፣ በዚህም ሞክረው» አለ።

ባለቤቴ ቁራጩን ተቀብሎ «እኛ ቤት ምንጣፍ የለም እኮ» አለው። ልጁ ወደ ሴትዮዋ ዞረና «ውሾቹ ደረጃ ይወጣሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ስንት ደረጃ?» አሉት።

«አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ሲበላሽ።»

እኛ ቤት ደረጃ የለም። በር ላይ አንዲት ከፍ ያለች ደፍ ነበረች፤ እሷንም ባለቤቴ የሶፋ ጋሪ አታሳልፍም ብሎ በሲሚንቶ አስተካክሏታል። አራተኛ ፎቅ፣ የሚበላሽ ሊፍት፣ ምንጣፍ፣ እነዚህ ሦስቱ አብረው የተጻፉት በአንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱንም እኔ በከፋዩ ገጽ ውስጥ ሸጉጬው ነበር። የቡችሎቹ አጥር ላይ ተደገፍኩ።

አዋላጇ ምን አውቀው። እንደ ትልቅ ሰው ቁም ነገር አድርገው መለሱለት። ዓመት እስኪሞላቸው መገጣጠሚያቸው አይጠናም፣ ብዙ ደረጃ ከሆነ በእቅፍ ነው የሚወጡት አሉት። ላብራዶር ሲታቀፍ ይንፈራገጣል፣ ጎልደኗ ግን እቅፍ ትወዳለች፣ አንገት ሥር ገብታ ትተኛለች አሉት። ትንሽ አሰበና አንድ ነገር ደግሞ ጠየቃቸው፤ «ቤት ሲቀይሩ መጀመሪያ ያሳደጋቸውን ሰው ይረሳሉ?» ሴትዮዋ ሳቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሊጠይቃቸው የመጣ ውሻ በሩን በርግዶ ሲገባ ባለቤቱን ጥሎ እሳቸው ላይ እንደተከመረ ነገሩት። «አይረሱም የኔ ልጅ፤ እንዲያውም ሁለት ቤት አለኝ ብለው ነው የሚይዙት» አሉት።

ባለቤቴ ምንጣፏን ይዞ እንደተንበረከከ ቀርቶ ነበር። ወደኔ አላየም። ተነስቶ የላብራዶሯን ጀርባ በአንደኛው ጫፍ አሸ፣ የጎልደኗን በሌላኛው ጫፍ አሸ፣ ብርሃን ላይ ያዘው፣ መነጽሩን አስተካከለ። ከዚያ ሩቅ አገር ለሚላክ ሶፋ ምክር እንደሚሰጠው ደንበኛ ልጁን ዓይን ዓይኑን እያየ «ለምንጣፍ ከሆነ ጎልደኗ ናት። የላብራዶሩ ይሰካል፣ ዕድሜ ልክ አይወጣም። የሷ ተንከባሎ በመጥረጊያ ይሰበሰባል» አለው።

አሥራ አምስት ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያች ደቂቃ ጠልቼው አላውቅም። ልጄን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሸኘው ነበር የመሰለኝ። በኋላ ግን እጁን አየሁት። ያችን የምንጣፍ ቁራጭ አጠፋት፣ ደግሞ አጠፋት፣ ማጠፍ እስኪያቅተው አጠፋትና ከደረት ኪሱ ከተታት። እስከ ዛሬም እዚያው ናት፤ ሸሚዙን ሳጥብ አውጥቼ ሲደርቅ እመልሳታለሁ።

ትልቋ ስለ ደብዳቤው ማንም የነገራት የለም። ፊታችንን አይታ ነው የገባት። ያቀፈችውን ላብራዶር ቀስ ብላ እናቱ ጎን አስቀመጠችና «ለነገሩ ላብራዶር ሆዳም ነው፤ ጎልደኗ ትሻላለች» አለች። ሁለት ሳምንት ግድግዳ ላይ ሠንጠረዥ ለጥፋ የተሟገተች ልጅ ናት። ያችን ልጅ ምን ብዬ እንደምክሳት አላውቅም።

አንዷን የጎልደን ቡችላ ይዘን ስንወጣ ትንሹ ከበር ተመለሰ። ምን ረሳህ ብዬ ዞር ስል አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያልወሰድነውን ላብራዶር ጀርባውን እየዳሰሰው ነው። ጫማዎቹን እንደሚያደርጋቸው። ጨርሶ እስኪመጣ ሁላችንም ቆመን ጠበቅነው።

ቤት እንደገባን ማንም ሳያየኝ ጥራዙን ገለጥኩ። ከከፋዩ ገጽ አንድ ማዕዘን በመቀስ ተስተካክሎ ተቆርጧል። ደብዳቤሽ እቦታው አለ። ብቻ እኔ ሁለት ጊዜ አጥፌው ነበር፤ አሁን ሦስት ጊዜ ታጥፏል። ምን ያህል ጊዜ እንዳነበበው አላውቅም። መታጠፊያው ላይ «መስኮት» የሚለው ቃል ሊጠፋ ደርሷል። ሌላ ሰው ሁሉ እንዳያገኘው ብዬ ያስቀመጥኩት፣ እሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲከፋው ሄዶ ጉንጩን የሚያስደግፍበት ገጽ ላይ ነው። ቤቱን ሁሉ ሳውቅ እሱን ረሳሁት።

አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም። ሦስት ወር እንደዚያ ሆነን ቡችላ አሳደግን። አሁን ጎልደኗ ቤቱን ገዝታዋለች፤ ባለቤቴ እንደፈራው ማታ ማታ ግማሿ ፍራሽ ሆና ነው የምትገባው፣ ብናኙን ከፀጉሯ የምንለቅመው ሁላችንም በተራ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በር ላይ ተቀምጦ ሲያበጥራት አጠገቡ አተር እፈለፍል ነበር። ቀና ሳይል «እማ፣ ደብዳቤ ሲደርስ መልስ አይጻፍም እንዴ?» አለኝ።

«ይጻፋል» አልኩት።

«ታዲያ? አራት ወር ሆናት እኮ።»

እጄ ደክሞ ነው፣ ወረቀትም የለኝ አልኩት። ብሩሹን አስቀምጦ ገባና ከደብተሩ መሀል አምስት ቅጠል ነቅሎ አመጣልኝ። ይኸው እጅሽ ላይ ያለው ነው። በጠርዙ ላይ ያለው የማባዛት ሂሳብ የሱ ነው፤ ሁለተኛው ስህተት ነው፣ አይተሽ አስተካክይለት።

እህቴ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም ገና፤ አንቺም አላልሽኝም። ያ ሲመጣ ይመጣል። ለጊዜው ስለ ውሻዋ ማወቅ የሚገባሽን ልጻፍልሽ። ፀጉሯ ቶሎ የሚቋጠረው ከጆሮዋ ኋላና ከብብቷ ሥር ነው፤ በማበጠሪያ ከመጎተት በፊት በጣት ይፈታል። ዓመት እስኪሞላት ደረጃ በእቅፍ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ መውጣት አለባት፣ ዝናብም ቢሆን። ሲያበጥራት ያወራታል። በቀጥታ ብትጠይቂው ውሎውን አይነግርሽም፤ እሷን ሲያበጥር ግን ሥራ ይዞ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሁሉንም ይሰማል። ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ላንቺ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ጉንፋን ሲይዘው ቀኝ ጆሮውን ያመዋል። ጨለማ አይፈራም፣ የተዘጋ በር ነው የሚፈራው፤ ገርበብ ሲል ይተኛል። አዲስ ጫማ ሲገዛለት አታስቸኩዪው፣ የተወውን እስኪመልስ ይጠበቃል።

ባለቤቴ ከቆጥ ላይ የመጨረሻዋን የከፋይ ጥቅል አውርዷል። ለውሻዋ መኝታ እየሰፋን ነው። አዋላጇ የለመደችው ሽታ ካለበት አትጨነቅም ስላሉን ውስጡን የምንሞላው በስፖንጅ አይደለም፤ የኔን አሮጌ ሽርጥ፣ የባለቤቴን ሸሚዝ፣ የትልቋን ሹራብ ቆራርጠን ነው። ትልቋ የምትወደውን ሹራብ ነው ያመጣችው፤ ሌላ ስጪ ብላት እምቢ አለች። የቀረን ልኩ ብቻ ነው። በዓይን ግምት መቀስ አላነሳም ብሏል፤ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ በዚያች ክፍል በመስኮቱ ሥር ያለውን ቦታ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ በእርምጃ ሳይሆን በሜትር ለክተሽ ቶሎ ላኪልን። ትምህርት ሊዘጋ አምስት ሳምንት ነው የቀረው፣ ከፋይ ደግሞ ጥድፊያ አይወድም።

ጉልበትሽን ይማርልሽ። ሥራሽ ይባረክልሽ፣ እንጀራሽ አይቋረጥ። ደረጃሽ የሚወጣው እግር አይጣ፣ ቤትሽ ደጅ ደጁን የሚያይ ሰው አይኑርበት። ከሁላችንም ሰላምታ ይድረስሽ፤ ትንሹ ደግሞ ከታች በኩል የውሻዋን እግር በቀለም አትሞልሻል፣ የሱን ሰላምታ በዚያ ተቀበይ።

የልጅሽ አክስት